ላቤን እንደ ሥራ የቆጠርኩባቸው ሳምንታት

የአሰቡ ሐኪም የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ጠቅልሎ ነፋ፤ አየ፤ እንደገና ነፋ።

«ጓድ መምህር፣ አባትህ በሕይወት አለ?»

አባቴ ገና ጎልማሳ ሳለ ማሳ ላይ በድንገት ወድቆ እንዳልተነሣ ነገርኩት።

«እንግዲያው ከመጪው ቀጠሮህ በፊት ክብደት ቀንስ። እየመከርኩህ አይደለም፤ እየነገርኩህ ነው።»

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ስለ አባቴ መጠየቁን ትቼ «ክብደት ቀንስ ተባልኩ» ብቻ አልኳት።

የባዮሎጂ መምህር ስለነበርኩ ፍርሃቴን በስሌት ለመያዝ ሞከርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰውነት ተኝተን እንኳ ለትንፋሽና ለልብ ምት የሚያቃጥለው ካሎሪ አለ። በዚያ ላይ እንደ ሥራችን ይጨመራል፤ ለቀላል ሥራ ጥቂት፣ ለመካከለኛ በለጥ ያለ፣ ለከባድ ብዙ። ከድምሩ አሳንሶ የበላ ሰው ይከሳል። የመጀመሪያውን ክፍል ዕድሜና ክብደት ይወስኑታል፤ ሁለተኛውን ግን ሰው በራሱ ላይ ፈርዶ ነው የሚሞላው።

እኔ «ከባድ» ብዬ ፈረድኩ። ቆሜ አስተምራለሁ፤ እጮኻለሁ፤ መዳፌ ጠመኔውን በላብ ያርሰዋል፤ ቤት ስደርስ ሸሚዜ ይጨመቃል። ከዚህ በላይ ምን ሥራ አለ? በዚህ ፍርድ ዳቦውም ሩዙም እንደ ልብ ተፈቀደልኝ።

ሳምንታት አለፉ፤ ቀበቶዬ ከቀዳዳው አልነቃነቅ አለ። በቀትር ቬንቲላቶር ሥር ጋደም ስል ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። መብራት ጠፍቶ ቬንቲላቶሩ ሲቆም ደግሞ ድምፁ ብቻውን ይቀራል። «ይኸው መጣ» እያልኩ ግራ እጄን አንሥቼ ጣቶቼ መንቀሳቀሳቸውን አያለሁ።

የወደብ መጋዘን ሠራተኛ የሆነው ጎረቤቴ ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አቆመኝ። ሐኪም ቤት ከነበርኩበት ጨምሬ ተገኘሁ።

«ወላሂ መምህር፣ እንደ ስኳር አፍህን ሰፍተን እንጫንህ!» ብሎ ሳቀ። 

ቤት ገብቼ፣ «ከባድ ሥራ እየሠራሁ፣ በስሌት እየበላሁ እንዴት እጨምራለሁ?» አልኳት ባለቤቴን። ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ በራችን ጥላ ሥር የተኛችውን የጎረቤት ፍየል አየች።

«እሷም ከጠዋት ጀምራ ታለከልካለች። ምን ተሸክማ ነው?»

«አሁን ይህ ቀልድ ነው?»

«እኔንስ ተኝቼ እንኳ ያልበኝ የለ? አንተ የቱን ጆንያ አወረድክ?»

ውሎዬን መቁጠር ያዝኩ። የትምህርት ቤቱ መኪና ከበር ወስዶ ከበር ይመልሰኛል። ክፍል ውስጥ ከጥቁር ሰሌዳው አልርቅም። ቀትር እተኛለሁ፤ አመሻሽ ላይ ባሕሩ ዳር ወንበር ላይ ነኝ። ያንን ሁሉ ላብ ያመጣው ሙቀቱ ነበር።

ራሴን ወደ «ቀላል» አወረድኩ፤ ዳቦውም ተቀነሰ። ሐኪሙ ስለ አባቴ መጠየቁንም ያኔ ነገርኳት። ፀሐይ ስትበርድ ሁለታችን ባሕሩን ይዘን መራመድ ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን ልቤ ሲደልቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ አባቴ ማሳው ላይ ታየኝ።

«አልችልም።»

«እኔ ሁለት ሆኜ ችያለሁ። ተነሣ፣ የኔ ጌታ» አለችኝ። እጄን ግን እስክንመለስ አልለቀቀችም።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሙ ጠቀለለ፤ ነፋ፤ አየ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ክንዴን እንደዘረጋሁ፣ ዳግመኛ እስኪነፋ ጠበቅሁ።

«ጓድ መምህር» አለኝ፣ «ግፊትህ ወርዷል እኮ። እጅጌህን አውርድ እንጂ።»