ሞካሲን ማለት

አያቴ ጫማ ነጋዴ ነበር። ልጅ ሳለሁ ግን ጫማ ከሚሸጥበት ጊዜ ይልቅ ስለ ጫማ የሚያወራበት ጊዜ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር። ሱቃችን ከወደብ ከተማችን አሮጌ ባቡር ጣቢያ ብዙ አይርቅም፤ ከድሬዳዋ በዚያው ባቡር መጥቶ ሲወርድ ከዚያ አልፎ ለመሄድ የሰነፈ ይመስል፣ እዚያው አካባቢ ነው የከፈተው። አባባ ነበር የምለው። የድሬ ሰው አንቱታ ስለማይወድ «አንተ» እያልኩት ነው ያደግሁት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ሲሰሙኝ ይደነግጡ ነበር።

በሙቀቱ ወራት መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ያኔ ከምሽቱ የመግሪብ ሰላት በኋላ ሱቁ ውስጥ መቀመጥ ምድጃ ውስጥ እንደ መቀመጥ ስለነበር፣ አባባ ፋኖሱን ለኩሶ ደጃፉ ላይ ያኖረዋል፤ እኔም ባዶ የጫማ ካርቶን ዘርግቼ እግሩ ሥር እቀመጣለሁ። የመናዊው ጎረቤታችን አሣ የሚጠብስበት ፍም ከመንገዱ ማዶ ይታየናል፤ ጭሱ ከባሕሩ ነፋስ ጋር እየመጣ ዓይናችንን ያቃጥለናል። አባባ በአንድ እጁ ጭሱን እያባረረ በሌላው ተረቱን ይቀጥላል። እጁን ቢያስሩት ኖሮ አንድም ተረት መናገር የሚችል አይመስለኝም።

ከተረቶቹ ሁሉ አንዱ የእኔ ነበር፤ የሞካሲን ተረት። ሞካሲን በሱቃችን ከሌላው ሁሉ ይበልጥ የሚሸጥ ጫማ ነው፤ ማሰሪያ ስለሌለው መስጊድ በር ላይ ለማውለቅም ለማጥለቅም አያስቸግርም። አባባ ስሙን ለሁለት ከፍሎ ይፈታዋል። «መካ ያው መካ ነው። ሲን ደግሞ በዐረብኛ ቻይና ማለት ነው። መካ ሲን። ፈረንጅ መጥራት አቅቶት ነው ሞካሲን ያለው» ይላል።

ከዚያ በሲን አገር ስለነበረ አንድ ሰው ይተርካል። ሰውየው በእግሩ መካ ሊሄድ ሲነሳ እናቱ ከአንድ ወጥ ቆዳ ጫማ ሰፋችለት፤ ማሰሪያ ያለው ጫማ ሰውን በደረሰበት አገር አስሮ ያስቀረዋል ብላ ግን ማሰሪያ አላደረገችበትም። ሰውየው በየመንገዱ እንግዳ ሆኖ ሲያድር ጫማውን ደጅ ያወልቃል፤ ሲነጋ ጫማው አፍንጫውን ወደ እናቱ አገር አዙሮ ያገኘዋል። መካ ደረሰ፣ ሐጁን ፈጸመ፣ ተመለሰ፤ አንድ ማለዳም የእናቱን በር አንኳኳ። «ስሙ ራሱ መሄጃና መመለሻ ነው። ሞካሲን ያደረገ ሰው ይመለሳል» ብሎ ይጨርሳል።

ለእኔ ይህ ተረት ብቻ አልነበረም። አባቴ ሥራ ፍለጋ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ተሻግሮ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሲሄድ ያደረገው ቡናማ ሞካሲን ነበር፤ አባባ ራሱ ከመደርደሪያው መርጦ ነው የሰጠው። መጀመሪያ ላይ ከየመን ይደውል ነበር፤ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። እማዬን ስለ እሱ ስጠይቃት የታጠበ ሳህን እንደገና ማጠብ ትጀምራለች። ስለዚህ መጠየቅ ተውኩ። ቃሉ ይበቃኝ ነበር፤ አባቴ ይመለሳል፣ ጫማው ይመልሰዋል።

እንግሊዝኛ መማር በጀመርንበት ዓመት አስተማሪያችን እንግሊዝኛ ከሌሎች ሕዝቦች የተዋሳቸውን ቃላት ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ረጅም ቀጭን ሶማሌ ነበር፤ በተማሪ ላይ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ከቃላቱ መካከል ሞካሲንን ሳይ እጄ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። መካንና ሲንን አስረዳሁ፤ ሰውየውንም፣ እናቱንም፣ አፍንጫውን የሚያዞረውንም ጫማ ጨመርኩበት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስሜ «ሐጃ ሲን» ሆኖ ቀረ።

አስተማሪው ግን አልሳቀም። ተረቱ ቆንጆ ነው፣ ቃሉ ግን ከሰሜን አሜሪካ ነው አለኝ። እንግሊዞች ባሕር ተሻግረው እዚያ ሲደርሱ፣ አልጎንኩዊን በሚባሉ ቋንቋዎች የሚናገሩ የአገሩ ሰዎች ከለስላሳ ቆዳ ሰፍተው የሚያደርጉትን ጫማ አዩ፤ ከእነሱ የሰሙትንም ቃል ይዘው ቀሩ። ኋላ ቃሉ ወደ ገበያ ወጣና እንዲህ እንደኛ ሱቁ ያለ ማሰሪያ የሌለው ጫማ መጠሪያ ሆነ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችማ አንድ መርዘኛ የውሃ እባብም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

«በባለቤቶቹ ቋንቋ ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ጫማ።»

«የሚመለስ ጫማ?»

«ጫማ ብቻ» አለኝ።

ያን ምሽት አባባ ፋኖሱን ለኩሶ ተረቱን ሲጀምር አላስጨረስኩትም። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። ስነግረው ተቆጥቼ ነበር፤ በማን እንደተቆጣሁ ግን አላውቅም። አባባ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። እጆቹ ዝም ሲሉ ሳይ ያኔ ፈራሁ።

«ሰዎቹስ? የቃሉ ባለቤቶች የት ገቡ?» አለኝ።

«ብዙዎቹ ከመሬታቸው ተባረሩ አለን አስተማሪው። ቋንቋቸውን የሚናገሩ ግን ዛሬም አሉ አለን።»

«ኢና ሊላሂ» አለ በቀስታ፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው። ከዚያ «እንግዲህ እነሱ ጫማ ካሉት ጫማ ነው። ቃሉን መካ የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለ።

«እና አባዬ አይመለስም?»

ፊቱን አላዞረብኝም። «አላውቅም ልጄ። የት እንዳለ አላውቅም። በሕይወት ይኑር አይኑርም አላውቅም።»

ይህን በቤታችን አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው አልነበረም። እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሰምታ ኖሮ ወጣች። አባባን ልትቆጣው ነው ስል፣ ከጎኔ መሬት ላይ ተቀምጣ እጄን ያዘችና አለቀሰች። አባባም አለቀሰ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛ ቤት እውነት ግን መጋረጃ ጀርባ ቆሞ የሚጠራው ሰው ሲጠብቅ ነበር የኖረው።

አድጌ ሳስበው፣ ተረቱ በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። ከየመን የመጣ ነጋዴ «ጀልባ ሰጠመ» የሚል ወሬ ባመጣ ሰሞን የሲኑ ሰው ከማዕበል ተረፈ። ሳዑዲ ውስጥ ብዙ ሐበሻ ታሰረ በተባለ ሰሞን ደግሞ ታሰረና ንጉሡ ይቅር አሉት። ያኔ እኔን ለማስደሰት የሚጨምረው ይመስለኝ ነበር። ለካስ አባባ በየምሽቱ ልጁን ከሞት እያወጣ ኖሯል። ያን ቀን በቁጣ መናገሬ ግን ክፉ ነገር ነበር ለማለት አልችልም።

ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ የሲኑን ሰው አላነሳውም፤ ስለ አባቴ ይነግረኝ ጀመር። የግራና የቀኝ ጫማ ከተለያየ ቁጥር ቀላቅሎ እየሸጠ ከደንበኛ ጋር እንዳጣላው፣ ስሙን ሲጠሩት ሦስተኛው ላይ «አቤት» እንደሚል፣ ሲስቅ ድምፅ እንደማይወጣው ይነግረኛል። እማዬ ከውስጥ ሆና «ይወጣዋል እንጂ፤ አንተን ፈርቶ ነው» እያለች ታርመዋለች። አንድ ምሽት ደግሞ ልጅ እያለ ዋና ሊያስተምረው ሄሮን ወደሚባለው ባሕር ዳር እንደወሰደው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ገና ሲነካው ጮሆ መንገደኛ ሁሉ እንደሰበሰበ፣ ከዚያ በኋላም እስኪያገባ ድረስ ባሕር አጠገብ እንዳልደረሰ አጫወተኝ። እማዬ ያን ጊዜ የምታርመው ነገር አልነበራትም።

አባባ ከሞተ ቆይቷል፤ ሱቁን አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ አልተመለሰም። አባትሽ የት ነው ለሚሉኝ አላውቅም እላለሁ፤ ይህን ማለት ከአባባ ተምሬያለሁ። ማን እንደነበር ግን አውቃለሁ። ባሕር እየፈራ ስለ እኛ ጀልባ ላይ የወጣ ሰው ነበር።