«ባለፈው ወር ልጅህን ስንት ቀን አየሃት?»

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ዳላስ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የዋሸሁትን ውሸት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ውሸቱን ተከትሎ የመጣውን ደግነትም እንዲሁ።

ከባለቤቴ ጋር ተለያይተን ያኔ ገና ትንሽ የነበረችው ልጃችን ሶስና ከእናቷ ጋር ሮውሌት ትኖር ነበር። እኔ ከከተማው ሌላ ጫፍ ዩለስ ተከራይቼ፣ ኤርፖርት ሻንጣ እየጫንኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናዬ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። ከዚያ ከሥራ ቀነሱኝ፤ መኪናዬም ተበላሽታ ቆመች። እዚያ አገር መኪና የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ነው። መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ቀረሁ፤ ቀጥሎ ሁለት። ከዚያማ ባዶ እጄን በምን ዓይኔ አያታለሁ ስል ዓመት አለፈ።

በዚህ መሐል ከልጆቻቸው ተለይተው ለሚኖሩ ድሃ አባቶች የተከፈተ የሥራ ሥልጠና አገኘሁ። አብሮኝ የተመዘገበ ጎረቤቴ በመኪናው ራይድ እየሰጠኝ፣ ፋርመርስ ብራንች የምትባል ከተማ እየሄድን የኤርኮንዲሽን ጥገና መማር ጀመርን።

በሦስተኛው ወር ሥልጠናው ለአባቶቹ ምን እንደጠቀመ የሚያጠኑ ሰዎች መጡ። እኔን የጠየቁኝ አማርኛ ተናጋሪዎችን እንዲያነጋግሩ የተቀጠሩት እትዬ አስቴር ናቸው፤ እናቴ የሚሆኑ ሴት። ትምህርቱ ይገባኝ እንደሆነ፣ ሥራ ማመልከት ጀምሬ እንደሆነ እየጠየቁ ፎርሙን ሞሉ። ቀጥለው፣

«ባለፈው ወር ልጅህን ስንት ቀን አየሃት?» አሉኝ።

ዜሮ ማለት አቃተኝ። ሐበሻ ፊት አፈርኩ። ደግሞም «ይሄ ሰው ሥልጠናው አልጠቀመውም» ብለው የሚያስወጡኝ መሰለኝ።

«አራት ቀን» አልኩ። «በየቅዳሜው።»

«ምን ምን አደረጋችሁ?»

ፓርክ እንደወሰድኳት፣ አይስክሬም እንደገዛሁላት፣ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ እንደወሰዳት ነገርኳቸው። ሳወራ እኔው ራሴ ያመንኩት መሰለኝ። እሳቸውም ያልኩትን ሁሉ ጻፉ።

ቤት ስገባ ያወራሁት ሁሉ ፀፀተኝ። በማግስቱ በሰጡኝ ቁጥር ኮል አደረግኩ።

«እትዬ አስቴር፣ ትናንት ዋሽቻለሁ። ልጄን ካየኋት ዓመት አልፏል።»

«ኦኬ፣ አርመዋለሁ። በዚህ የሚያስወጣህ የለም» አሉ። «ሶ፣ የፎርሙ ነገር አለቀ። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ልትሄድ ትፈልጋለህ?»

«መኪና የለኝም።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያው ለእናቷ ደውለህ አስፈቅድ። ቅዳሜ እኔ አደርስሃለሁ።»

እናቷ ብዙ ተቆጥታ ፈቀደች። ቅዳሜ እትዬ አስቴር ከቤቱ ፊት ለፊት ፓርክ አድርገው መኪናው ውስጥ ቀሩ። አንኳኳሁ። የከፈተችው ሶስና ናት። ረዝማለች፤ ፀጉሯ አጥሯል። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ውስጥ ዞራ፣

«ማሚ፣ አንድ ሰውዬ መጣ!» አለች።

በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። «ሱሲዬ» አልኳት፤ እንዲያ ብሎ የሚጠራት ከእኔ በቀር የለም። ቆማ ስታየኝ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ዳዲ፣ ቱሞሮ ትመጣለህ?» አለችኝ።

ሥልጠናውን ጨርሼ ሥራ ያዝኩ። መኪና እስክገዛ ድረስ በየቅዳሜው ያደረሱኝ እትዬ አስቴር ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሶስና ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ሳንደዋወል የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። ግን አንዳንዴ ስታወራኝ መልስ መስጠቱን እረሳለሁ። ሳላያት ባለፈው በዚያ ዓመት ድምጿ ምን ይመስል ነበር እያልኩ አዳምጣታለሁ።