ድንቅነሽ ወንድሟን ልትጠይቅ መጣች

ድንቅነሽ አግብታ ከልደታ ወደ ድሬዳዋ ስትሄድ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። እዚያው ፋብሪካ ገብታ ክር ስትፈትል ኖራ ጡረታ ወጣች፤ ባሏንም እዚያው ቀበረች። ልጅ አልወለደችም። ከትውልድ ሰፈሯ የቀራት የሥጋ ዘመድ ታላቅ ወንድሟ ወልደአማኑኤልና የእሱ ልጅ ሰላም ብቻ ነበሩ።

ባለፈው መስከረም ማብቂያ ልቧን ታማ ሆስፒታል ተኛች። ተሽሏት ከወጣች በኋላ ወንድሟ ጋ ስትደውል ስልኩን የምታነሳው ሰላም ሆነች።

«አባዬ ጠበል ገብቷል፤ እዚያ ስልክ አይፈቀድም» ትላታለች።

ወራት ሲያልፉ ድንቅነሽ አላስችል አላት። ጥር ላይ ሻንጣዋን ይዛ ወንድሟ ወደሚኖርበት ፎቅ ቤት መጣች።

«ነገ ይመጣል እትዬ» አለች ሰላም፣ ዓይን ዓይኗን ሳታያት።

«እንግዲያው እስከዚያ ሰፈሬን አሳዪኝ።»

የተወለደችበት የጭቃ ቤት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ድንቅነሽ ከሕንፃው ሥር ቆማ በራቸው በየት በኩል እንደነበር ለመገመት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ልደታ ማርያምን ስትሳለም ግን ፊቷ ፈታ አለ። በልጅነታቸው ክረምት ጎርፉ ቁልቁል ሲወርድ ወልደአማኑኤል አዝሎ ያሻግራት ነበር። አንድ ቀን አዳልጧቸው ሁለቱም ጭቃ ውስጥ ተንከባለሉ። እናታቸው እንዳትገርፋት «እኔ ነኝ የገፋኋት» ብሎ ብቻውን ተገረፈ።

«ጉልበቱ ላይ ጠባሳው አለ፤ ሲመጣ ጠይቂው» አለቻት እየሳቀች። ሰላም በነጠላዋ አፏን ያዘች።

አብነት ሲደርሱ የወንድሟን የልጅነት ጓደኛ ፉፋን አዩት። እንደ ድሮው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። መዶሻውን አስቀምጦ ተነሳና እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ድንቄ፣ እግዜር ያጽናሽ። ለቅሶው ላይ ባጣሽ ታማለች አሉኝ።»

ሰላም ከኋላ በዓይኗ ጠቀሰችው፤ ግን ዘገየች።

ድንቅነሽ አልጮኸችም። ፉፋ ደንግጦ ዱካ አቀረበላት፤ ተቀመጠች።

«መቼ ነው?»

«በጥቅምት» አለች ሰላም እያለቀሰች። «እርስዎ ሆስፒታል ነበሩ። ሐኪሙ ልባቸው ድንጋጤ አይችልም አለን። ጥቁሬን ያወለቅሁትም እርስዎ ስለመጡ ነው። ነገ ሲነጋ ሽማግሌዎች መጥተው እንዲያረዱዎት ቀጥረን ነበር።»



«እኔ እኮ ጠበሉ ያድንልኝ እያልኩ ስለት ስሳል ከረምኩ» አለች ድንቅነሽ። «ለሞተ ሰው።»

ፉፋ አንገቱን ደፋ። ታክሲ ልያዝላችሁ ቢል እምቢ ብላ የሰላምን ክንድ ተደግፋ ቀስ እያለች በእግሯ ተመለሰች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሰላም በሩን ከፍታ «ሰምተዋል» ልትላቸው ስትል ድንቅነሽ ከውስጥ ጠራቻት።

«ተያቸው፣ ይንገሩኝ። ወንድሜ መርዶው መንገድ ላይ የተነገረ አይሁን።»

ምንም እንዳልሰማ ሰው ወንበር አቀረበችላቸው፤ እሷም ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው የወልደአማኑኤልን ስም ሲጠሩ፣ ትናንት እምቢ ያለው ጩኸት ወጣ። የየፎቁ በር ተከፈተ። ጎረቤቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ፤ ማን እንደሆነች ሳይጠይቁ አብረዋት አለቀሱ።