ከውሃ ያልወጣችው ዋናተኛ

ዋና ማንም አላስተማረኝም። ማንበብም፣ ሬዲዮ መጠገንም፣ ሸኮኛ መናገርም እንደዚያው ነው፤ ሁሉንም በራሴ ተማርኩ። ቴፒ ውስጥ ስለ ውሃ ክርክር ከተነሳ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

ባለፈው በጋ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ለማን ጋቢ እናልብስ ብለው ሲመክሩ የእኔን ቃል መጠበቃቸው ስለዚህ አልገረመኝም። በየዓመቱ የከተማዋን ስም ላስጠራ አንድ ልጅ ጋቢ እናለብሳለን። የታሰበችው ለብሔራዊ ቡድን የምትዋኘው የጎረቤቴ ልጅ ነበረች። እናቷ ያንን ጋቢ ስትጠብቅ ከርማለች። «ልጅሽ ትምህርቷን ትታ ውሃ ለውሃ ትንከራተታለች» እያሉ የሚያሟትን ሴቶች አፍ የሚዘጋላት እሱ ነበር።

ውድድሯን በስልክ አሳዩን። ሁለተኛ ሆና የመዋኛ ገንዳውን ግድግዳ ነካች፤ ግን አልወጣችም። የመስመሩን ገመድ ይዛ ወደ ኋላ እያየች ቀረች። ቪዲዮው እዚያ ላይ ተቆረጠ።

በእኛ ወንዝ ውድድር የሚያልቀው ዳር ወጥተህ ስትቆም ነው። ተሸንፎ ከውሃ የማይወጣ ሰው አኩርፏል፤ ሽንፈቴን አልቀበልም ማለቱ ነው።

«ችሎታ አላት፤ ጨዋነት ግን የላትም» ብዬ ፈረድኩ። «ወጥታ ያሸነፈቻትን እንኳን አልጨበጠችም። ዋና ያስጀመርኳት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል?»

ማንም አልተከራከረኝም። ጋቢውን አንድ እግር ኳስ ተጫዋች ለበሰው።

ከዚያ ልጅቷ ለእረፍት መጣች። አንድ እሁድ የሰፈሩ ልጃገረዶች ካልተወዳደርሽን ብለው ወንዝ አወረዷት። እኔና አንድ ሌላ ሽማግሌ ዳር ተቀምጠን እናያለን። ከማዶ ተነስተው ወደ እኛ ሲዋኙ ገና ከመጀመሪያው ጥላቸው መጣች። ደርሳ ግን አልወጣችም፤ የዛፍ ሥር ይዛ ወደ ኋላ ታያለች።

«ምነው ልጄ፣ አንደኛ ሆነሽም ታኮርፊያለሽ እንዴ?» አላት ሽማግሌው እየሳቀ።

«ኧረ አላኮረፍኩም አባባ! የመጨረሻዋ ሳትደርስ መውጣት እኮ እኛ ዋናተኞች ዘንድ ነውር ነው።»

የመጨረሻዋ እያለከለከች ደረሰች። ደግፋ ወደ ላይ ካወጣቻት በኋላ ነው ራሷ የወጣችው። ሽማግሌው ሳቁን አቋርጦ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ዳኛ፣ ሰማህ?»

እሷ የተናገርኩትን አልሰማችም ነበር። ውሃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። «አባባ፣ ዋና ያስጀመሩኝ እርስዎ መሆንዎን እኮ ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ» አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰው ሁሉ እንዲሰማው አስደግማት ነበር። ያን ቀን መሬት መሬቱን እያየሁ «ልበሺ፣ ይበርድሻል» አልኳት።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ድሮ ያለበሱኝን ጋቢ አጥፌ እናቷ ዘንድ ሄድኩ። መሳሳቴን ስነግራት በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ፤ ጋቢውን ግን አልተቀበለችኝም።

«ጋቢማ አለኝ» አለች። «ያን ጊዜ እርስዎ የፈረዱትን ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋል። እነሱ ጋ ሄደው ይንገሩልኝ።»

ሄድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራ የኖርኩት ሰው፣ የመጀመሪያው በር ተከፍቶ «ደህና ነዎት? ምን እግር ጣለዎት?» ስባል፣ ጋቢውን እንደታቀፍኩ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።