በእቅፍ የተመረጠ ሽጉጥ

ዛሬ በምንኖርባት የፈረንጅ ከተማ ኡስተር፣ አንድ የጦር መሣሪያ ሱቅ ውስጥ፣ የልጅ ልጄን ሁለት ጊዜ አቅፌ ሽጉጥ አስመረጥኳት።

ልጅቷ ፖሊስ ናት። ከሥራ ውጭ በልብሷ ሥር የምትይዘው ትንሽ ሽጉጥ ፈልጋ፣ «አባባ፣ ይምጡና ይዩልኝ» ብላ ወሰደችኝ።

አንደኛው አጭርና ወፍራም ነው፤ ሌላው ቀጠን ይላል። ጃኬት ስትደርብበት ሁለቱም አይታዩም።

«ፈረንጅን ታታልይበታለሽ» አልኳት። «የእኛ ሰው ግን የሚፈትሸው በዓይኑ ሳይሆን በእቅፉ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንቱ ይጨምቅሻል!»

ወፍራሙን ታጥቃ አቀፍኳት። ጎኔን ወጋኝ። «ይሄን ይዘሽማ ባል አታገኚም፣ ገና ሲያቅፍሽ ነው የሚሸሸው!» ሻጩ ያበድኩ መስሎት አፈጠጠብኝ።

ቀጭኑን ታጥቃ አቀፍኳት። ምንም የለም።

«በቃ፣ ይሄ ነው!» ብላ ሳቀች። የእኔ ሳቅ ግን ደረቀ።

በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የታጠቀ የመንግሥት ሰላይ የምንለየው እንዲህ ነበር። ለቅሶ ቤት ያቀፈን ሰው ወገቡ ከቆረቆረን ወሬ እንቀይራለን። ታናሽ ወንድሜን ያስያዘው ጓደኛው ግን ሲያቅፈው ምንም አልቆረቆረውም። ወንድሜም አልተመለሰም።

«እኔ ዘንድ ስትመጪ እንኳ ተይው፣ የኔ ልጅ።»

«ቤት ጥዬው መውጣት እፈራለሁ፣ አባባ።»

እሷስ ምን ታድርግ! ከእንግዲህ ግን ስታቅፈኝ ፍቅሯን ብቻ አልቀበልም፤ ወገቧን እዳብሳለሁ። ያ ዘመን የእሷን እቅፍም ቀማኝ።

ያን ጊዜ ያያችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬም የምትወዱትን ሰው ስታቅፉ እጃችሁ ወደ ወገቡ ይሄዳል? ወይስ እኔ ብቻዬን ነኝ?