አያ ስንሻው የራሳቸውን ለቅሶ ሲደርሱ

ልጅ ሳለሁ ከአረብኛ ቀድሜ የያዝኩት ቃል «ማት» ነው፤ ሞተ ማለት ነው። በዚያ የረሃብ ዘመን ከጎንደር ቆላ ተነስተን፣ በእግራችን ድንበር ተሻግረን፣ ወድ ኤል ሒለው አጠገብ ወንዝ ዳር በተሠራው መጠለያ ስንሰፍር፣ የሱዳን ሐኪም ቤት ሰዎች ጧት ጧት በየጎጆው እየዞሩ የሚሉት ይህንኑ ስለነበር ሳንፈልግ ለመድነው። ውሃ በአረብኛ ምን እንደሚባል የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ታናሽ ወንድሜ ማሩ በደረስን ሰሞን ተቅማጥ ያዘውና ሞተ። እናቴ አላለቀሰችም፤ ማንም አላለቀሰም። በአገራችን ሰው ሲሞት መንደሩ ይናጥ ነበር። እዚያ ግን በየቀኑ የሚቀበረው ብዙ ስለነበር፣ ሰው እንባውን ለየትኛው እንደሚያወጣ ግራ ገብቶት አፈር መልሶ ዝም ብሎ ይመለሳል። ማሩን በእናቴ ነጠላ ጠቅልለው ወሰዱት፤ ቀብረው ሲመለሱ እናቴ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እኔም ሞቼ፣ እናቴ ቀና እንኳ ሳትል ምስሯን ስትለቅም ትታየኛለች። መሞቱን ብቻ አይደለም የፈራሁት፤ ሞቼ ምንም እንዳልጎደለ መሆኑን ነው። ይህንን ግን ለማን እነግራለሁ?

የሚያሳርፈኝ አመሻሹ ብቻ ነበር። ፀሐይዋ ስትጠልቅ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አያ ስንሻው ደጃፍ እንሰበሰባለን። አያ ስንሻው ከእኛው አገር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ሚስታቸውን መተማ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ቀብረው፣ በአንድ ዘንግና በአንድ አሮጌ ኮት ነው ድንበር የተሻገሩት። በጎልማሳነታቸው ለሰሊጥ አጨዳ ሱዳን ውስጥ ወዳለው ቁረይሻ ይመላለሱ ስለነበር «አረብኛ እንደ ውሃ ነው የምጠጣው» ይላሉ። ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን፣ ከትግራይ የመጡት፣ «አያ ስንሻው አረብኛ የሚችሉት አረብ በሌለበት ነው» እያሉ ያበሽቋቸዋል።

እንጨት ብርቅ ስለነበር የሚነደው የማሽላ አገዳ ነው። ቦግ ብሎ ፊታችንን ያሳየንና ወዲያው ይከስማል፤ ከሥሩ የተጨመረው ኩበት ግን እያጨሰም ቢሆን ፍሙን ያቆየዋል። ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም ትንኙን ስለሚያባርርልን ማንም ንቅንቅ አይልም። ጋዝ የተገኘ እንደሆነ ፋኑስ ይበራል፤ ካልተገኘም የአያ ስንሻውን ፊት በፍሙ ቅላት እያየን፣ የኩበቱ ሽታ ልብሳችን ውስጥ እየገባ፣ ተረታቸውን እንሰማለን።

ተረታቸው ውስጥ ማንም አይሞትም ነበር። ጅብ አህያዋን ሊበላ ያደባል፣ ይጠጋል፣ አፉን ይከፍታል፤ ልክ እዚያ ላይ ወይ ጅቡ ጠግቦ ይገኛል፣ ወይ አህያዋ ዛፍ ላይ ትወጣለች። «አያ፣ አህያ ዛፍ ላይ እንዴት ትወጣለች?» ብዬ ስሟገታቸው «የቆላ አህያ ናት፤ ዝም ብለሽ ስሚ» ይሉኛል። ለእኛ አዝነው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ራሳቸውንም እያባበሉ ነበር። ተረቱ አልቆ ትልልቆቹ ብቻቸውን የቀሩ ሲመስላቸው «እዚህ አሸዋ ላይ ብሞት ማን ያለቅስልኛል?» ሲሉ በተደጋጋሚ ሰምቻቸዋለሁ። «ዘመድ የለኝ፣ የሚቀብረኝ ቅሬ የለኝ፣ ቤተ ክርስቲያን በአጠገቤ የለ። እንደ ውሻ ተጎትቼ ነው የምጣለው።» እኔም የተኛሁ መስዬ እየሰማሁ፣ እኒህ ትልቅ ሰውም የኔን ፍርሃት እንደሚፈሩ አወቅሁ።

ከዚያ አያ ስንሻውን ወባ ጣላቸው። ሰውነታቸው እንደ እሳት ሲነድ፣ ገዳሪፍ ወደሚገኘው ሆስፒታል በሚሄድ ሎሪ ላይ ተሸክመው ጫኗቸው። ዘንጋቸውና ኮታቸው ከእኛ ጎጆ ቀረ። አመሻሽ ላይ ልጆቹ ደጃፋቸው ድረስ ይመጡና ፍም በሌለበት አመድ ዙሪያ ትንሽ ተቀምጠው ይበተናሉ።

ከገዳሪፍ ዱቄት የሚያመላልስ ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ ሾፌር ነበር። ድንበር ላይ ወዳለው ገላባት ገበያ እየተመላለሰ አንዳንድ የአማርኛ ቃል ለቅሟል፤ ሰው ባገኘ ቁጥር ያቺን ያለችውን ካልተናገረ አይሆንለትም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሎሪውን ሳያቆም፣ በጎጆአችን አጠገብ ቀስ ብሎ እያለፈ አንገቱን በመስኮት አወጣና «አል ዓጁዝ! ማታ! ማታ!» ብሎ ጮኸ። ዓጁዝ ሽማግሌ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እጁን ወደ ሰማይ አነሳና ወደ ፀሐይ መጥለቂያው ወረወረው። ፈገግም ያለ መሰለኝ፤ ግን አቧራው ሸፈነው፤ ሞተሩም ድምፁን ግማሹን በላው። እናቴ እጇ ላይ የነበረውን ጣሳ ለቀቀችው።

«ማት አለ?» አሉ አደይ ለተብርሃን።

«ማት ነው ያለው» አለች እናቴ።

ሰፈሩ ከመቼው ጮኸ! ለራሳቸው ልጆች ያላለቀሱ ሁሉ ከየጎጆአቸው እየወጡ መጡ። እንባው ለምን በአያ ስንሻው እንደገነፈለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት የሁሉም ልጅ በሳቸው ተረት እንቅልፍ ስለወሰደው ይሆናል። በአገራችን ከሩቅ መርዶ ሲመጣ አስከሬን ስለሌለ የሟቹ ልብስ ተዘርግቶ ነው የሚለቀሰው፤ እናቴም የአያ ስንሻውን ኮት አልጋ ላይ ዘረጋችው፤ ዘንጋቸውን አጠገቡ አጋደመችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ከፊት ቆመችና ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ አወረደችው፤

«የልጆች አባት ልጅ ያልወለደ፣
ተረት አሸክሞን ብቻውን ሄደ።»

ቀኑን ሙሉ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ ተለቀሰ። ልክ ሲመሻሽ አንድ ነጭ ጀላቢያ የለበሰ፣ ራሱንም ጢሙንም የተላጨ ቀጭን ሰው ከመንገዱ በኩል መጣ። በእኛ ባህል ለቅሶ የሚደርስ ሰው ማን እንደሞተ ባያውቅም ከሩቅ እያለቀሰ ነው የሚመጣው፤ ዝም ብሎ መግባት ነውር ነው። ሰውየውም ፊቱን በእጁ ሸፍኖ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ መጣና ከኋላ፣ እኛ ልጆቹ ዘንድ ተቀመጠ። ጨለምለም ስላለ ማንም ልብ አላለውም። ትንሽ አልቅሶ ሲያበቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«የኔ ልጅ፣ የማን ለቅሶ ነው?»

ድምፁን አወቅሁት።

«ያንቱ ነው» አልኳቸው።

አያ ስንሻው አልጋው ላይ የተዘረጋውን ኮት አዩ፤ ዘንጉን አዩ። «ማን አረዳችሁ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ዑስማን ነዋ። ማት አለን።»

ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ማታ ነው ያልኩት! በሌላ ሎሪ ማታ እመጣለሁ በላቸው ብዬ፣ ቃሉንም እኔው ነኝ ያስተማርኩት!» ዑስማን እኛን ሊያስደስት በእኛ ቋንቋ ተናገረ፤ እኛ ደግሞ በሱ ቋንቋ ሰማነው። ልጮህ ስነሳ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ቆይ» አሉ። «ትንሽ ልስማ።»

ተቀምጠን ሰማን። እናቶች በየተራ ሲያወድሷቸው፣ አደይ ለተብርሃንም በትግርኛ ሲያለቅሱላቸው፣ የአያ ስንሻውን ጉንጭ ረጥቦ አየሁት። ያ ሁሉ ጊዜ የፈሩት ነገር ውሸት ሆኖ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። ሊነሱ ሲዘጋጁ ግን የእናቴ ድምፅ ተለወጠ፤ ኮቱን አነሳችና ደረቷ ላይ አድርጋ የወንድሜን ስም ጠራች።

«ማሩዬ፣ አያ ስንሻው መጥተውልሃል! አይዞህ አባቴ፣ ከእንግዲህ ብቻህን አይደለህም። ያጫውቱሃል። ብርድም ቢመጣ ኮታቸውን ያለብሱሃል።»

ከዚያ በኋላ ቃል አልነበረም። ከተቀበረ ጀምሮ ውስጧ የቆየው ሁሉ ወጣ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ አልረሳችውም ነበርና። እኔም ብሞት አትረሳኝም ነበር። ቆይቼ ስፈራላት ግን የአያ ስንሻውን እጅ ጎተትኩ፤ «አያ፣ ይነሱ እንጂ!» አልኳቸው።

«እናትሽ ትጨርስ» አሉኝ።

እናቴ እስክትጨርስ ድረስ ሞተው ቆዩላት። ጎረቤቶች ደግፈው ሲያስቀምጧትና ውሃ ሲሰጧት ነው አያ ስንሻው ጉሮሯቸውን የጠረጉት። «በቃችሁ፤ ደግ አለቀሳችሁልኝ። እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉ የሆነውን ለመናገር ይከብደኛል። ግማሹ ሮጠ። አደይ ለተብርሃን «ዋይ ኣነ!» ብለው አመድ በተኑባቸው። ኋላ ሰውየው በሕይወት መኖራቸው ሲታወቅ፣ የማታም ነገር ሲነገር፣ ያ ሁሉ ያለቀሰ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። በዚያ መጠለያ ትልቅ ሰው ከልቡ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ኮቱን እንደያዘች አጠገባቸው መጣች።

«ለማሩ ልኬዎት ነበር» አለቻቸው።

«አውቃለሁ፤ ሰምቻለሁ» አሏት። «መሄዴማ አይቀርም። ስደርስ መልእክቱን አደርሳለሁ።»

ያን ዕለት ምሽት አገዳ ጨመርንና ተረት አምጡ አልናቸው። ያቺኑ የቆላ አህያ አመጡ፤ ጅቡም እንደ ልማዱ አደባ፣ አመለጠችውም። እኛ ያለቀ መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን ቀጠሉ። «ከብዙ ዘመን በኋላ አረጀችና ሞተች» አሉ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ አህዮች ሁሉ ተሰብስበው አለቀሱላት።»

«ከዚያስ?»

«ማልቀስ ውሃ ያስጠማል አይደል? ወደ ወንዝ ወረዱ። ውርንጭሎቿ ከፊት ከፊት ይሮጡ ነበር።»

ያን ዕለት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አህዮቹ ወደ ወንዝ ሲወርዱ አሰብኩ፤ ሳላውቀው ተኛሁ።

አያ ስንሻው ክረምቱን ከእኛ ጋር ተሻግረው፣ በአጨዳው ወራት ሞቱ። ሊሞቱ ሲሉ አልተንሰፈሰፉም። እናቴ ስታነባ «የኔ ለቅሶ አልቋል፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የቀራችሁ መቅበሩ ብቻ ነው» ብለው ቀለዱባት። ከማሩ አጠገብ ቀበርናቸው፤ ኮታቸውንም እናቴ አብራ አስገባችው።

እኔ ገዳሪፍ ቀረሁ፤ እዚሁ አግብቼ እዚሁ ወለድኩ። ዘንድሮ ሐኪሙ ልቤ እንደደከመና ብዙ እንደማይቆይ ነገረኝ። ደነገጥኩ፤ አልደነገጥኩም ብል እዋሻለሁ። ግን ከራሴ ይልቅ ያሳዘነችኝ ልጄ ናት። በር ዘግታ ታለቅስና ስገባ ዓይኗን ጠርጋ ስለ ሽንኩርት ታወራኛለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠራኋት።

«ማልቀስሽ ካልቀረ ለምን ትደበቂኛለሽ? እዚህ አጠገቤ ሆነሽ አልቅሺ። እኔም ልስማው።»

«ኸላስ፣ በቃ እማ፣ እንዲህ አትበዪ! ዓይብ ነው፣ ነውር ነው!» አለችና በሩን ይዛ ቆመች። ኋላ ግን መጣች። ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ፣ በአማርኛም በአረብኛም እየቀላቀለች፣ ስትፈልግ እየተቆጣችኝ፣ ስትፈልግ እየለመነችኝ፣ እስኪወጣላት አለቀሰች። ፀጉሯን እየዳበስኩ አንዲት ቃል ሳላቋርጣት ሰማኋት። እንደምትወደኝ አውቅ ነበር፤ በጆሮ መስማቱ ግን ሌላ ነው።