ዕድራችንን ይዤ የገባሁበት የሶፍትዌር ጉባኤ

ስለ ጉባኤው ከመጻፌ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር። የማያውቀኝ ሰው ቀጥሎ የምለውን ሊንቀው ይችላልና። በልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ እየጻፍኩ ልጆች አሳድጌአለሁ። ከእኔ ጠረጴዛ የወጣ ማመልከቻ በቃላት ጉድለት ተመልሶ አያውቅም። ኮምፒውተር ሲመጣ ሌሎቹ ጸሐፊዎች ማሽናቸውን አቅፈው ሲተክዙ፣ እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ሱቅ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቼ፣ ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ ያለ አስተማሪ ተማርኩ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ስለሆንኩ ምስጋናውን የማካፍለው ሰው የለኝም።

ቀጥሎ የሂሳብ ሶፍትዌር ገባ። የጌጃ ሠፈር ነጋዴዎች ልጆቻቸውን እኔ ዘንድ እየላኩ አስተማሩ። ብሎግ የሚባለው ነገር ሲመጣ ደግሞ ስለ ንግድ ሶፍትዌር በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። ከእኔ በፊት በዚህ ጉዳይ በአማርኛ የጻፈ ሰው አላገኘሁም፤ ፈልጌአለሁ። አንባቢዎቼ ሂሳብ ያዦች፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዎችና ሱቃቸውን ለልጆቻቸው ማስረከብ የፈሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዳንዱ ጽሑፌን አትሞ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን የዕድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ጉባኤው ውስጥ ያስገባኝ ብሎጉ ቢሆንም፣ የሄድኩት ስለ ዕድሩ ነው።

ያኔ ሠፈራችን እየፈረሰ ነበር። ሰዉ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ገላን፣ አንዱ የካ አባዶ ተበተነ። እኔ እዚያው ልደታ ከተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች አንዱ ደርሶኝ ቀረሁ። የዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ብረት ድስቶቹ ከልደታ ማርያም ጀርባ በተከራየናት ክፍል ታጭቀው ተቀመጡ። ጡሩምባ ነፊያችን ሰው ሲሞት በማለዳ ወጥቶ ይነፋል፤ የሚሰማው ግን የፈረሰ ግድግዳና የቀን ሠራተኛ ብቻ ነው። በእሑድ ስብሰባ አንዳንዶች ዕቃው ይሸጥ፣ ዕድሩ ይፍረስ፣ ሁሉም በደረሰበት ሠፈር ዕድር ይግባ ብለው ሐሳብ አቀረቡ።

የዕድሩ ዳኛ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ጀሞ የደረሳቸው ሰው ነበሩ። ከሠፈራችን የሞተን ሰው ሁሉ ሳጥኑን ይዘው ሸኝተዋል። ያን ቀን ሳይነሡ፣ ከተቀመጡበት ሆነው ተናገሩ።

«ዕድሜ ልኬን ስቀብር ኖሬ፣ እኔን የማያውቀኝ ሰው ይቅበረኝ?»

እኔ ተነሥቼ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ቀን እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ። በዚያው ሰሞን የንግድ ሶፍትዌር ጉባኤ አዘጋጆች ብሎጌን አይተው እንድዘግብላቸው ጋብዘውኝ ነበር። በየከተማው የተበተኑ ደንበኞችን በአንድ ቦታ የሚይዝ ሶፍትዌር እንደሚቀርብ ፕሮግራሙ ላይ አንብቤአለሁ። የተበተነ ደንበኛን ከያዘ የተበተነ ዕድርተኛንም ይይዛል ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰበ ሌላ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም።

ጉባኤው በአንድ ትልቅ ሆቴል ነበር። ደረቴ ላይ ባንጠለጠልኩት ባጅ ስሜ፣ ከሥሩም «ብሎገር» ተጽፏል። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ጋዜጠኛ ባጄን አንብቦ ካፖርቴን አየና ፈገግ አለ።

«ፋዘር፣ ብሎገር ነዎት ወይስ የብሎገር አባት?»

«የብሎገር አባት ብሆን ኖሮ አንተን አሳምሬ አሳድግህ ነበር» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ቦታ ይጠብቅልኝ ጀመር።

ጉባኤ መዘገብ ለቅሶ ቤት ከመዋል ብዙ አይለይም። ከፊት የሚቀመጠው ለመታየት ነው፤ ነገሩን የሚያውቀው በር አካባቢ ቆሞ በስልክ ያወራል። ንግግሩ አይጻፍም፤ ንግግሩን ወረቀት ላይ አባዝተው ያድላሉና። ጋዜጠኞቹ ያንን ወረቀት ይዘው ከምሳ በኋላ ሄዱ። እኔ ግን ሁለቱንም ቀን ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አንድ ተናጋሪ መረጃችሁ ከእንግዲህ ደመና ላይ ይቀመጣል አለ፤ ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ለአንባቢዎቼ ዕቃህን ጎረቤት ቤት እንዳስቀመጥክ ቁጠረው፣ ጎረቤቱ ግን የት እንደሚኖር አታውቅም ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላየሁም። ዋይፋዩ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ስለጠፋ ጽሑፉን የላክሁት ማታ ወደ ቤት ስመለስ ከኢንተርኔት ቤት ነው።

አዳራሹን አዳርሼ ካየሁ በኋላ የልቤን ልል ሶፍትዌሩን ወደሚያሳዩበት ጠረጴዛ ሄድኩ። አንዲት ትሑት ወጣት ነበረች። ድርጅትዎ ምን ይሠራል አለችኝ። ማኅበር ነው አልኳት። ለሙከራ አንድ ደንበኛ እናስገባ ብላ የዳኛውን ስም፣ አድራሻና የልጃቸውን ስልክ ከእኔ እየሰማች ጻፈች። ቅልጥፍናዋ ከእኔ ባይበልጥም ጥሩ ነበር።

«አሁን ይህ ሰው ሞተ እንበል» አልኳት።

«ይዝጉታል» ብላ አንድ ቦታ ነካች። ስሙ ግራጫ ሆነ፤ ከዝርዝሩም ወጣ። የልጃቸው ስልክ አብሮ ጠፋ።

«አይ የኔ ልጅ። እኛ ዘንድ ሥራ የሚጀመረው ሰውየው ሲሞት ነው።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ዕድር መሆናችንን ስነግራት ሳቋን ትታ የኮምፒውተሩን ማያ አየች። አባቷም የዕድር ሰው መሆናቸውን ነግራኝ ኃላፊዋን ጠራች። እሱም በአክብሮት አነጋገረኝ። ሶፍትዌሩን ለእኛ እንደሚስማማ አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ግን የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ያለው ድርጅት ማመልከት አለበት አለ። ዕድር ግብር ከፋይ አይደለም። ኃላፊው ትከሻውን ሰበቀ፤ ክፋት አልነበረበትም። ልጅቷ ግን የሙከራውን ሶፍትዌር ላፕቶፔ ላይ ጫነችልኝ፤ በነጻ የሚሠራው ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑንም ነገረችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይተወው ነበር። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ መላውን አገኘሁ። ሶፍትዌሩ ሞትን አያውቅም፤ የዕቃ ትእዛዝን ግን ያውቃል። ስለዚህ የዕድርተኛውን ሁሉ ስምና ስልክ አስገብቼ፣ ሰው ሲሞት ስሙን ሳልዘጋ ለቅሶው የሟቹ ቤት ያቀረበው ትእዛዝ ሆኖ እንዲመዘገብ አሰናዳሁት። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ብረት ድስት፣ ሰው። ትእዛዙ ሲመዘገብ ለዕድርተኛው ሁሉ መልእክት በአንዴ ይሄዳል። ይህን ብሎጌ ላይ ስጽፈው ከጉባኤው ዘገባ ሁሉ ይበልጥ የተነበበው እሱ ሆነ። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ያላሰቡት ነገር ነው።

በእሑዱ ስብሰባ ላፕቶፑን አግዳሚ ላይ አስቀምጬ አሳየኋቸው። ተራ የሰላምታ መልእክት ላክሁ፤ የሁሉም ስልክ በየኪሱ ጮኸ። ሰዉ እየሳቀ ስልኩን ለጎረቤቱ አሳየ። ዕድሩ እንዳይፈርስ ተወሰነ። ዳኛው ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኔ መጡና ትከሻዬን ያዙ። እጃቸው ቶሎ አልተነሣም።

ጡሩምባ ነፊው ከኋላ ሆኖ፣ «ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» አለ።

ዕረፍ፣ እስከ ጀሞ የሚሰማ ሳንባ የለህም አልኩት። እውነት ነው፤ አልነበረውም።

ክረምቱ ሳይወጣ ዳኛው አረፉ። በማለዳ ልጃቸው እያለቀሰች ደወለችልኝ። እኔም የተነበየው ቀን እንደደረሰለት ሰው ላፕቶፑን ከፍቼ ትእዛዙን አስገባሁ። የቀብሩን ሰዓትና ቦታ በጥሩ አማርኛ ጻፍኩ፤ ላክሁት። ከዚያ ጡሩምባ ነፊውን ቀስቅሼ ድንኳኑን በጭነት መኪና ይዘን ወደ ጀሞ ሄድን። መንገድ ላይ የራሴ ስልክ ጮኸ። የላክሁት መልእክት ለእኔም ደርሶኝ ነበር። ሲጀምር፣ «ውድ ደንበኛችን፣ ትእዛዝዎ ተመዝግቧል» ይላል። የእኔ ቃል መሐል ላይ ነው። መጨረሻው፣ «ስለመረጡን እናመሰግናለን፤ በድጋሚ ልናገለግልዎ ዝግጁ ነን» ነው። ራሱንና ጅራቱን የጨመረው ሶፍትዌሩ ነው፤ ትእዛዝ ሲመዘገብ ሁልጊዜ የሚልከው የኩባንያው ጽሑፍ ነበር። ጡሩምባ ነፊው ምን ይላል ብሎ ጠየቀኝ። ደርሷል አልኩት።

መልእክቱ እርግጥ ደርሷል። ለሁሉም ደርሷል። ግን ከጠዋት እስከ ማታ የዕጣና የዘፈን ማስታወቂያ ስልኩ ላይ የሚጎርፍበት ሽማግሌ፣ «ውድ ደንበኛችን» የሚለውን አይቶ ወደ ታች አይወርድም። ጎበዞቹ እስከ ታች ያነበቡትም ቢሆኑ ሰው መጥቶ እስኪነግራቸው ጠበቁ። ሞት በእኛ ዘንድ በሰው አፍ ነው የሚነገረው። ከመኪናው ላይ ሆኜ ለጥቂቶቹ ደወልኩ፤ ያነሡት ከገላንና ከየካ አባዶ በዝናብ ተነሥተው ለቀብሩ ሰዓት የሚደርሱ አልነበሩም።

ድንኳኑን ከኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ እኔና ጡሩምባ ነፊው ተከልነው። አግዳሚዎቹን ደረደርን። የጀሞ ጎረቤቶች፣ የዳኛውን ስም እንኳ ያላወቁ ሰዎች፣ ከየፎቁ ወርደው ተቀመጡልን። ሰዓቱ ሲደርስ ሳጥኑን እነሱ አነሡት። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ክፉ ነገር አልናገርባቸውም። ከሠፈራችን ከሳጥኑ ሥር የነበረው ትከሻ የእኔና የጡሩምባ ነፊው ብቻ ነው። ዳኛው የፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ እሱው ሆነ።

ከቀናት በኋላ ጌጃ ሠፈር ልብስ ሰፊ የነበረ ዕድርተኛ ቤቴ መጣ። ሻይ አልፈልግም ብሎ ቆሞ ስልኩን አወጣ።

«ስለመረጡን እናመሰግናለን ይላል። ማንን ነው የመረጥነው?»

ያ ጽሑፍ የእኔ እንዳልሆነ አስረዳሁት።

«አንተማ መቼ ትሳሳታለህ» ብሎ ወጣ።

በጉባኤው ሶፍትዌሩን ላሳየችኝ ልጅ ደወልኩላት። አዘነች፤ ያንን ጽሑፍ መለወጥ የሚቻለው ሶፍትዌሩ ሲገዛ ብቻ ነው አለች። እኔም ብሎጌ ላይ ልጽፈው ተቀመጥኩ። «የጉባኤው ዘገባ ማስተካከያ» ብዬ ርዕስ ሰጠሁት፤ ከርዕሱ አላለፈም። በሚቀጥለው ስብሰባ የመጣው ሰው አንድ አግዳሚ እንኳ አልሞላም። ዕድሩ ፈረሰ፤ የተቃወመ የለም። ድንኳኑን አንድ የጀሞ ዕድር ገዛው።

ሰው ሁሉ ሲጠፋ ቢያንስ የተሠራው ሥራ ይቆጠር።

የንግድ ሶፍትዌር ጉባኤን ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ተቀምጬ በአማርኛ ዘገብኩ፤ ወረቀት አልገለበጥኩም።

ደመናውን ሱቅ ጠባቂ እንዲገባው አድርጌ አስረዳሁ።

የዕድራችንን ሰው ሁሉ፣ የትም ቢበተን፣ ከነስልኩ በአንድ ቦታ ሰበሰብኩ። ይህን ከእኔ በፊት የሠራ ጸሐፊ አልነበረንም።

ሞትን በማያውቅ ሶፍትዌር ውስጥ ለለቅሶ ቦታ አገኘሁለት።

በዝናብ ድንኳን ተከልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ።

ዳኛዬን ተሸከምኩ።

ስማቸውን ደግሞ በእጄ አልዘጋሁም። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ ራሱ ዘጋው፤ የእሳቸውን፣ የልብስ ሰፊውን፣ የእኔንም ስም አንድ ላይ።